ቦርሳው መጀመሪያ የሚለቀው የት ጋ ነው?

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ቦርሳዬን ከመሬት ላነሳ የግራውን ማንገቻ ይዤ ሳብኩ። ተርረር አለ። ማንገቻው ከጀርባው ጋር የሚገናኝበት ስፌት አራት ጣት ያህል ተተርትሯል። ገና የሦስት ቀን መንገድ ይቀረኛል። ቦርሳውን አገላብጬ አየሁት። ጨርቁ ጭረት እንኳን የለውም። የገዛሁት ደግሞ የጨርቁን ውፍረት አይቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ 11 ዓመት በእግር ተጉዣለሁ። የራሴንም አብረውኝ የሚሄዱትንም ሰዎች ቦርሳ የምጠግነው እኔ ነኝ። እጄ ከገቡት ሁሉ ጨርቁ መሃሉ ላይ ተቀዶ የመጣው ሦስት ብቻ ነው። አንዱን እሾህ፣ አንዱን ሹል ድንጋይ ቀደደው። ሦስተኛውን ውስጡ የቀረ ምግብ የሸተታት አይጥ በልታዋለች። የቀሩት በሙሉ ወይ ስፌታቸው፣ ወይ ዚፓቸው፣ ወይ ዘለበታቸው ነው የለቀቀው።

ስለዚህ «ምን ያህል ጠንካራ ቦርሳ ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ኪሎ እንደሚሸከምና በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሄድ ነው።

ሻጮች አብዝተው የሚጠሩት ቁጥር ዲኒየር ነው። ዲኒየር ማለት የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው። 210 ዲኒየር ሲባል 9,000 ሜትሩ ክር 210 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ የክሩን ውፍረት ብቻ ነው። ክሩ ከምን እንደተሠራ፣ እንዴት እንደተሸመነ፣ ምን እንደተቀባ አይነግራችሁም። በአንድ ዓይነት ውፍረት ናይለን ከፖሊስተር ይልቅ መፋተግን ይችላል። ፖሊስተር ደግሞ ፀሐይን የተሻለ ይቋቋማል። ጨርቁ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን መስመሮች ካያችሁ ሪፕስቶፕ ነው። በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ወፈር ያለ ክር ስለገባበት ቢቀደድም ቀዳዳው ቶሎ አይሰፋም።

የተረገጠና ግልጽ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ፣ ጭነታችሁም ከ12 ኪሎ ካልበለጠ፣ ከ100 እስከ 210 ዲኒየር ያለው ናይለን ይበቃችኋል። መቀመጫው ግን ወፈር ይበል። ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው፣ እርጥብ መሬት የሚነካው እሱ ነው። ከ15 ኪሎ በላይ ተሸክማችሁ ቁጥቋጦ እየሰነጠቃችሁ ወይም አለት እየታከካችሁ የምትሄዱ ከሆነ መቀመጫውና ጎኑ 420 ወይም 500 ቢሆን እመርጣለሁ። 1,000 ዲኒየር የሚያስፈልገው ቦርሳውን በገመድ አለት ለአለት ለሚጎትት ሰው ነው። ለሌላው ትርፍ ሸክም ነው። የመጀመሪያው ቦርሳዬ ባዶውን ወደ 3 ኪሎ ይጠጋ ነበር። የዛሬው 1.2 ኪሎ ነው። ልዩነቱን ከሰዓት በኋላ ቁልቁለት ስትወርዱ ጉልበታችሁ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቦርሳ ስትገዙ ገልብጡት። ሻጩ ቢያይ ይይ። ውስጡን ሳታዩ አትክፈሉ።

ከማንገቻው ሥር ጀምሩ። ያ ቦታ በየእርምጃው ይጎተታል። ወደፊትና ወደኋላ ተደጋግሞ የተሰፋ፣ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ሊኖረው ይገባል። ከኋላውም ሌላ ቁራጭ ጨርቅ ተደርቦ ቢሰፋ ይመረጣል። የእኔ በአንድ መስመር ብቻ ነበር የተሰፋው። ከዚያ ረጅሞቹን ስፌቶች በጣታችሁ ተከተሉ። የጨርቁ ጫፍ በጥብጣብ ተሸፍኗል ወይስ እየተፍታታ ነው? ስፌቱ ከጨርቁ ጫፍ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ክሩ ባይበጠስም ጨርቁ ራሱ እየተሸረከተ ይወጣል። በመጨረሻ ስፌቱን ግራና ቀኝ ይዛችሁ ሳብ አድርጉት። የመርፌው ቀዳዳ ከፈት ካለ ተዉት።

ዚፑን ደግሞ ከተንሸራታቹ (ስትከፍቱና ስትዘጉ ከምትጎትቱት ራሱ) ጀርባ አንብቡት። ብዙ ጊዜ 3፣ 5፣ 8 ወይም 10 የሚል ቁጥር አለው። ቁጥሩ በግርድፉ ሲዘጋ የጥርሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 3 ለትንሽ ኪስ ይሆናል። ዕቃ የሚገፋው ዋናው መክፈቻ ላይ ከ5 በታች ከሆነ አልቀበልም፤ 8 ቢሆን ደስ ይለኛል። ጠበብ ባለ ማዕዘን የሚታጠፍ ዚፕም ቶሎ ይደክማል። አፉ ተጠቅልሎ ወይም በገመድ ተሰብስቦ የሚዘጋ ቦርሳ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። እኔ ለረጅም መንገድ የምይዘው እንደዚያ ያለውን ነው።

ዘለበት የሚሰበረው ስለሚረገጥ ወይም የመኪና በር ስለሚዘጋበት ነው። ማሰሪያው 20 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ምትክ በቀላሉ ይገኝለታል። የጎን መረብ ኪሶች ደግሞ ከዋናው ጨርቅ በፊት ይቀደዳሉ። ቁጥቋጦ የሚበዛበት ቦታ ለምትሄዱ፣ ከመረብ ይልቅ ጨርቅ ኪስ ያለውን እመክራለሁ።

ያገለገለ ቦርሳ የምትገዙ ከሆነ እጃችሁን አስገብታችሁ ውስጡን ዳብሱት፣ አሽትቱትም። ውሃ እንዳያስገባ የሚቀባው ፖሊዩሬቴን ከጊዜና ከእርጥበት የተነሳ ይበላሻል። የሚያጣብቅ፣ የሚቆመጥጥ ሽታ ያለው ወይም እንደ ቅርፊት የሚላጥ ከሆነ፣ ከላይ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው አልቋል።

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ልማዳችሁ ከዲኒየሩ የበለጠ ይወስናል። የተጫነ ቦርሳ በአንድ ማንገቻ አትሳቡ። ከላይ መሃል ላይ ያለችው አጭር እጀታ የተሰፋችው ለዚህ ነው። ሹል ጠርዝ ያለውን ዕቃ ልብስ ውስጥ ጠቅልሉት። አሸዋ የገባበትን ዚፕ በግድ አትዝጉ፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። ስታጥቡ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጃችሁ እጠቡ። ማድረቅም ጥላ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ናይለንን ቀስ በቀስ ያደክማል። ማሽን ውስጥ የገቡ ሁለት ቦርሳዎች መጥተውልኛል። የሁለቱም ሽፋን ተላጥቶ ነበር።

ለጥገና የምይዘው አንድ ጭብጥ አይሞላም። ወፍራም መርፌ፣ የጥርስ ማጽጃ ክር፣ አንድ ትርፍ ዘለበት፣ ውሃ መያዣዬ ላይ የጠቀለልኩት ጠንካራ ፕላስተር። ዚፑ ተዘግቶ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ ብዙ ጊዜ የለቀቀው ጥርሱ ሳይሆን ተንሸራታቹ ነው። የተንሸራታቹን ሁለት ጎኖች በፒንሳ በጣም ቀስ ብላችሁ ጠበብ አድርጉት። ብዙ ከጨመቃችሁት ይሰነጠቃል።

ያን ጠዋት ማንገቻውን የሰፋሁት በጥርስ ክር ነው። ክሩ ሰም ስላለው ጨርቁ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፣ ቶሎም አይበጠስም። ስፌቱ ከተተረተረበት ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀደም ብዬ ገና ካልተነካው ቦታ ጀመርኩ። በየስፌቱ ግማሽ ወደኋላ እየተመለስኩ ወጋሁ። መርፌው ወፍራሙን ቦታ አላልፍ ሲለኝ በጠፍጣፋ ድንጋይ ገፋሁት። ሌላኛው ጫፍ ላይ ስደርስ ደግሞ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጨመርኩ። ከዚያ ዞሬ በዚያው መስመር ሁለተኛ ጊዜ ሰፋሁት። 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ከመጫኔ በፊት ከባዱን ዕቃ ወደ ጀርባዬ አስጠግቼ ደረደርኩ፣ የወገቡን ቀበቶ ጠበቅ አድርጌ ክብደቱን ከትከሻዬ ወደ ዳሌዬ አወረድኩ። ማንገቻው ሦስቱን ቀን ያዘልኝ።