ዋሽንግተን ዲሲ ሳትጋቡ አብራችሁ ለምትኖሩ

«ሳንጋባ ነው የምንኖረው፣ መብት አለን ወይ?» ይህን ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ ለአራት ሰው መልሻለሁ። አምስተኛው ሳይደውል ልጻፈው።

መብት አላችሁ፤ ግን ተመዝገቡ። አገር ቤት ሁለት ሰዎች ሦስት ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብረው ከኖሩ፣ ያፈሩትን ንብረት የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ያደርግላቸዋል። ለዚያ ቢሮ የሚሄድ የለም። ዲሲ ላይ ግን ዶሜስቲክ ፓርትነር (ሳይጋባ አብሮ የሚኖር አጋር) የሚባለው የተመዘገበ ሰው ነው። ሁለታችሁም 18 ዓመት የሞላችሁ፣ ያላገባችሁና አንድ ቤት የምትኖሩ መሆን አለባችሁ። ወንድና ሴትም ሁኑ ተመሳሳይ ፆታ፣ ሕጉ አይለይም። ሆስፒታል ገብቶ መጠየቅም ሆነ ውርስ የሚመጣው ከዚህ የምዝገባ ወረቀት ነው።

ለግሪን ካርድ ግን አይሠራም። ጥገኝነት ያገኘ ሰው በ2 ዓመት ውስጥ ለሚስቱ ማመልከት ይችላል፤ ለዶሜስቲክ ፓርትነሩ አይችልም። ይህን ወረቀት ይዛችሁ ፎርም ላይ «ያገባ» ብላችሁ እንዳትሞሉ። እለምናችኋለሁ!

እኔን ያቃጠለኝ ታክሱ ነው። የፍቅር ጓደኛዬን በመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ አስገባሁት። ፎርሙን የተቀበለችኝ ሴትዮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በሚቀጥለው ደመወዝ የደመወዝ ወረቀቴን (ፔይ ስተብ) ሳየው ገንዘቡ ቀንሷል፤ የማላውቀው መስመር ተጨምሯል፣ «ኢምፒዩትድ ኢንካም» ይላል። የፌዴራል መንግሥት ፓርትነርን እንደ ባል አይቆጥርም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ለእሱ በወር 400 ዶላር ቢከፍል፣ በዓመት 4,800 ዶላር ለእናንተ እንደተከፈለ ደመወዝ ይታሰባል፤ ታክሱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ይህ ታክስ የሚቀረው የታክስ ሕጉ እሱን በእናንተ የሚተዳደር (ዲፔንደንት) አድርጎ የሚቀበለው ከሆነ ብቻ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት «ስንት ይቆረጥብኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ ሳልጠይቅ ፈርሜ ዓመቱን ሙሉ ከፍያለሁ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ከተማዋ ይህን የፓርትነር ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በዲሲ ሕግና በጀት ላይ ሥልጣን ያለው ኮንግረስ (የፌዴራሉ ምክር ቤት) ግን ለሕጉ አንዲት ሳንቲም እንዳይወጣ በየዓመቱ በጀቱ ላይ እየከለከለ፣ ምዝገባ የተጀመረው በ2002 ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ሕግ እያለ ሰው መብት አልነበረውም። ያለፈ ታሪክ ነው አትበሉኝ። በ2023 ኮንግረስ የከተማዋን አዲስ የወንጀል ሕግ ሽሮታል። ይኼኛውንም መሻር ይችላል።

ስለዚህ በአንድ ወረቀት አትተማመኑ። የጤና ውክልና (እናንተ መወሰን ቢያቅታችሁ ስለ ሕክምናችሁ የሚወስንላችሁን ሰው የሚሰይም ወረቀት) ስጡ፣ ኑዛዜ ጻፉ። የፓርትነር ሕጉ ነገ ቢሻር እነዚህ አብረው አይሻሩም። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ምዝገባ የላትም፤ አሌክሳንድሪያ ሆስፒታል ብትገቡ የሚያድናችሁ ውክልናው ነው።

ሕጉ ላይ የሚመጣ ነገር ከሰማችሁም ዝም አትበሉ። ብዙ የዲሲ መኪኖች ታርጋ ላይ «ያለ ተወካይ ግብር መክፈል ይብቃ» የሚል ተጽፏል፤ እውነት ነው፣ ከተማዋ በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥላት ሰው የላትም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስታችሁ ግን ሁለት ሴናተሮች አሏት። ዜጋ ባትሆንም መደወል ትችላለች። ቁጥሩን ፈልጉላት፣ የምትለውን በእንግሊዝኛ ጻፉላት፣ ስትደውልም አጠገቧ ተቀመጡ።