ኮምፒውተራችን ስለ ራሱ የሚነግረንን ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አብዛኞቻችን የኮምፒውተራችንን ዓይነት የምናጣራው አንድ ፕሮግራም ልናወርድ ስንል ነው። ችኮላ ላይ ስለሆንን ደግሞ በቀላሉ እንሳሳታለን።

በጣም የተለመደው «ኤኤምዲ64» የሚለውን አይቶ መደንገጥ ነው። ኢንቴል ብላችሁ የገዛችሁት ኮምፒውተር ላይ ይህን ብታዩ ማንም አላታለላችሁም። ቃሉ የአምራቹ ስም አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል፣ የሚገባው የትእዛዝ ዓይነት መጠሪያ ነው። ከቀድሞው ባለ32 ቢት ቀጥሎ የመጣውን ይህን ባለ64 ቢት አሠራር የቀረጸው የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ኦፕተሮን በተባለው ፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበው። ኢንቴልም በኋላ ተቀበለው፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። «ኤክስ64» እና «ኤክስ86-64» የሚባሉትም ያው እሱ ናቸው። «ኤክስ86» ብቻ ካለ ብዙውን ጊዜ ባለ32 ቢቱን ማለቱ ነው። «አርም64» ግን ፈጽሞ የሌላ ፕሮሰሰር ቤተሰብ ነው፤ አትቀላቅሉት።

ሁለተኛው ፕሮሰሰሩን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር ማምታታት ነው። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ውስጥ ስትገቡ «ሲስተም ታይፕ» የሚል መስመር አለ። ከኮማው በፊት ያለው ስለተጫነው ዊንዶውስ ነው፤ ከኮማው በኋላ ያለው ስለ ፕሮሰሰሩ። ብዙ ሰው የፊተኛውን ብቻ አንብቦ «ኮምፒውተሬ 32 ቢት ነው፣ አርጅቷል» ይላል። ባለ64 ቢት ፕሮሰሰር ላይ እኮ ባለ32 ቢት ዊንዶውስ ሊጫን ይችላል! በዚህ ምክንያት ደህና ማሽን ሲጣል ማየት ያንገበግበኛል።

ከፕሮሰሰሩ ስም ቀጥሎ የሚታየውን «2.40 ጊጋኸርዝ» የአሁኑ ፍጥነት አድርጎ መውሰድም ስህተት ነው። በብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህ ቁጥር ፋብሪካ ውስጥ የተጻፈ የስሙ አካል ነው። ትክክለኛው ፍጥነት እንደ ሥራው ጫና ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዊንዶውስ ውስጥ ታስክ ማናጀር ላይ ታዩታላችሁ።

ሊኑክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም 8 ሲፒዩ (ፕሮሰሰር) ቢላችሁም 8 ኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን የቻለ አስሊ ክፍል፣ አላችሁ ማለት ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱ ኮር ሁለት ሥራ ጎን ለጎን የሚያስኬድ ከሆነ ኮሮቹ 4 ናቸው።

በመጨረሻ፣ የማሽኑን ዓይነት የሚጠይቀው ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ አትርሱ። ባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ባለ32 ቢት ፕሮግራም ሲጠይቅ «ኤክስ86» የሚል መልስ ሊሰጠው ይችላል። ኤም1 የተባለው የአፕል ቺፕ ባለው ማክ ላይም፣ ለኢንቴል ማክ የተሠሩ ፕሮግራሞችን በሚያስኬደው በሮዜታ በኩል የተከፈተ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ማሽኑን ኤክስ86-64 ነው ይላል። «አባውት ዚስ ማክ» ብትከፍቱ ግን ቺፑ «አፕል ኤም1» እንደሆነ ታነባላችሁ።