ያገለገለ ራቭ ፎር ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለሽያጭ የሚቀርበው የቶዮታ ራቭ ፎር እዚሁ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ነው። መኪናው በየዓመቱ ያረጃል፣ ከኋላው የሚተካው ግን አይገባም። በፍተሻ የሚሠራ ስህተትም የብዙ ዓመት ቁጠባ ይዞ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ከ2006 እስከ 2012 ለተሠራው ራቭ ፎር ነው፤ የመኪና ሞዴል ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሞቀ ሞተር መፈተሽ

ከስህተቶች ሁሉ ይህን ማየት ያሳዝናል፣ ያናድዳልም። ገዢው ከደላላው ጋር 4 ሰዓት ላይ ይቀጣጠራል። ሲደርስ መኪናው ታጥቦ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቀዋል። ኮፈኑ ይከፈታል፣ "ስማው እስቲ፣ ድምፅ የለውም!" ይባላል። እውነትም ድምፅ የለውም። ገዢው ራሱን ነቅንቆ ወደ ወንበሩ ቆዳና ወደ ካሜራው ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት ማየት የነበረበት ነገር ሁሉ ካለፈ አንድ ሰዓት ሆኖታል።

ሞተር ሌሊቱን ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ያረጀ የቫልቭ ጎማ ካለው ዘይቱ እየተንጠባጠበ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፤ ጠዋት ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣና በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። በ2.5 ሊትሩ ሞተር ላይ የካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ጊዜ የሚያስተካክለው ጥርስ ሲያረጅ የሚያሰማው "ክርርር" የሚቆየው አንድ ሁለት ሰከንድ ነው፤ የዘይት ግፊት ሲደርስለት ዝም ይላል። የደከመ ባትሪም፣ ማርሽ ለመያዝ የሚዘገይ አውቶማቲክ ካምቢዮም ራሳቸውን የሚያጋልጡት በዚያው በመጀመሪያው ማስነሣት ነው። ከሞቀ በኋላ ሁሉም ደህና ይመስላል።

ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ለሻጩ በግልጽ ይንገሩት፦ "እኔ ሳልደርስ እንዳይነሣ።" ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይድረሱ። ሰላምታ እየሰጡ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያ ከፍተው የራዲያተሩን ወፍራም ጎማ ይንኩ። ለብ ካለ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በሌላ ቀን ይመለሱ። "አሁን ከነዳጅ ማደያ አምጥቼው ነው" የሚለው ሰው ሊዋሽዎት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ፍተሻው ግን ተበላሽቷል።

ከመነሣቱ በፊት የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው፣ ጠርገው፣ መልሰው ያስገቡና ያንብቡ። ከታችኛው ምልክት ሥር ያለ ዘይት ሞተሩ እንደሚበላ ወይም ባለቤቱ እንደማያየው ይናገራል፤ ሁለቱም መጥፎ ነው። እንደ ማር የጠራ፣ ትናንት የተቀየረ ዘይት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፦ ለምን ለሽያጭ ዋዜማ? የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠው በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ እንደ ጥቁር ቅባት የተጋገረ ነገር ካለ ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ሳይቀየር ተነድቷል።

ከዚያ ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥተው እርስዎ ከኋላ ማርሚታው ጋ ይቁሙ። በአዲስ አበባ ብርድ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ መጥፋቱ የተለመደ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቆም፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው ማለት ነው። ጣትዎን የማርሚታው ጫፍ ውስጥ ያሽከርክሩ፦ ደረቅ ጥላሸት ነዳጅ የበዛበት ነው፤ የሚያሙለጨልጭ፣ እንደ ቅባት የሚጣበቅ ጥቁር ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው።

2.4 እና 2.5 ሊትሩን አንድ አድርጎ ማየት

ከውጭ ይመሳሰላሉ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከ2006 እስከ 2008 ያሉት ባለአራት ሲሊንደሮች 2.4 ሊትር ሲሆኑ ሞተራቸው 2ኤዜድ ይባላል፤ ከ2009 ጀምሮ 2.5 ሊትር፣ 2ኤአር ናቸው። 2ኤዜድ የታወቀ በሽታ አለው፦ የፒስተኑ ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በካርቦን ይደፈናሉ፣ የዘይት ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ይጣበቃል፣ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ለእነዚህ ዓመቶች ራቭ ፎሮች ዋስትናውን አራዝሞ ፒስተንና ፋሻ ይቀይር ነበር። መለኪያው በ1,200 ማይል አንድ ኳርት፣ በእኛ ስሌት በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ሊትር ያህል ነበር። የሞተሩ ጠቅላላ ዘይት 4.3 ሊትር መሆኑን ሲያስቡ፣ በ5,000 ኪሎ ሜትር አንዴ ብቻ ኮፈን የሚከፍት ባለቤት ሞተሩን ምን እንዳደረገው ይገባዎታል።

ይህን የሚደብቁት ወፍራም ዘይት ሞልተው ነው። የመጨረሻውን ሰርቪስ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ 5 ደብሊው 30 ወይም ከዚያ የቀጠነ መሆን ሲገባው 20 ደብሊው 50 ከተሞላ ምክንያቱን ሻጩ ያስረዳ። የሻንጣ ቦታውንም ምንጣፍ ገልጠው ይመልከቱ። በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ግማሹ ያለቀ የዘይት ጀሪካን ከተገኘ ባለቤቱ በየሳምንቱ እየጨመረ ነበር።

የመንዳት ፈተናው ቀላል ነው። እንጦጦ ወጥተው ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱን ማርሹን 2 ወይም ኤል ላይ አድርገው፣ ነዳጁን ሳይነኩ ይውረዱ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ነዳጁን በደንብ ይርገጡ፤ ከኋላ የሚከተል ሰው ሰማያዊ ጭስ ካየ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ያ ወጪ ከዋጋው ላይ ካልተቀነሰ መኪናውን ይተዉት።

ሌላ አንድ ነገር፦ በቀደሙት 2ኤዜዶች ላይ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከብሎኩ ጋር የሚያስሩት የኋላ ብሎኖች የአሉሚኒየሙን ጥርስ እየነቀሉ ይላላሉ። ፈሳሹ የሚያፈሰው ከሞተሩ ጀርባ፣ ወደ ሾፌሩ ክፍል በዞረው ጎን ስለሆነ ከላይ አይታይም። ባትሪ መብራት ይዘው ከሥር ይዩ፤ ሮዝ ወይም ነጭ የደረቀ ቅርፊት ካለ እሱ ነው።

ባለ 3.5 ሊትሩ ቪ6 ጥቂት ነው። ካጋጠመዎት ግን የጎማ ክፍል ያለው የዘይት ቧንቧ ሙሉ ብረት በሆነው መተካቱን ያረጋግጡ፤ ጎማው ሲፈነዳ ዘይቱ በአንዴ ይፈሳል።

"ውኃ ነው፣ ችግር የለውም" የሚለውን መቀበል

ራዲያተሩ ውስጥ በትክክለኛው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፋንታ ውኃ መሙላት ችግር አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ ክፍት ድስት ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞተሩ የሚሠራው በዚያው አካባቢ ነው። ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና ትክክለኛው ፈሳሽ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ይክፈቱ፦ ሮዝ ወይም ቀይ ንጹሕ ፈሳሽ ጥሩ፣ ሻይ የመሰለ ዝገት መጥፎ፣ ላዩ ላይ ዘይት የሚንሳፈፍበት ከሆነ ወደ ቤትዎ ይመለሱ። የክዳኑ ጎማ የተሰነጠቀ መሆኑንም ይዩ።

ከዚህ የሚከተለው ቴርሞስታት፣ ማለትም የፈሳሹን ዝውውር እየከፈተና እየዘጋ የሞተሩን ሙቀት የሚጠብቀውን ቫልቭ፣ ማውጣት ነው። መኪናው ሲሞቅ ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መስጠት የቆየ ልማድ ሆኗል። ሞተሩ ያን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ በብርድ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ) የሞተሩን ሙቀት እያዩ ቀለበት መንገድ ላይ ይንዱ፤ 80 ደርሶ ከዚያ በላይ መቆየት ሲገባው በፍጥነት ሲነዱ ወደ 60ዎቹ ከወረደ ቴርሞስታቱ የለም ወይም ክፍት ሆኖ ቀርቷል።

ስካነር ሰክቶ "ምንም ኮድ የለም" ብሎ መደሰት

ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ኮድ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። መታየት ያለበት መኪናው ራሱን የመረመረባቸው ፈተናዎች መጠናቀቅ አለመጠናቀቃቸው ነው፤ ማንኛውም ስካነር ያሳያል። ብዙዎቹ "አልተጠናቀቀም" የሚሉ ከሆነ ወይ ባትሪው ተነቅሏል ወይ ኮዱ ትናንት ወይም ዛሬ ጠፍቷል። ኮዱ ከጠፋ በኋላ የተነዳውን ርቀትም ያነቡታል፤ 6 ኪሎ ሜትር ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው።

የኤርባግ መብራት ደግሞ ቁልፉ ሲከፈት በርቶ ከ6 ሰከንድ ገደማ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ወጥቷል፤ ኤርባጉም ፈንድቶ ሳይተካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

በስሙ ብቻ ባለ አራት እግር ነው ብሎ ማመን

ራቭ ፎር ሁሉ ባለ አራት እግር አይደለም፤ በፊት ጎማ ብቻ የሚሄደው ብዙ ነው፣ ከኋላ የሚለጠፈው ጽሑፍም በየሱቁ ይሸጣል። ጎንበስ ብለው ከሥር ይዩ፦ ወደ ኋላ ዲፍረንሲያል የሚሄድ ረጅም ዘንግ ከሌለ ነገሩ አልቋል። ካለ፣ ቆመው አራቱን እግር የሚቆልፈውን ቁልፍ ይጫኑ፤ መብራቱ መብራት አለበት፣ ከ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ ሲያልፉ ደግሞ ራሱ ይለቃል። አራቱ ጎማዎች አንድ ዓይነትና ተመሳሳይ ጥልቀት ያላቸው መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለቱ አዲስ ሁለቱ ያለቁ ከሆኑ በፊትና በኋላ መካከል ያለው መጋጠሚያ ሁልጊዜ እየታገለ ይቃጠላል። የጎማው ጎን ላይ ያሉት 4 አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው።

ማይልን እንደ ኪሎ ሜትር ማንበብ

ከአሜሪካ የመጣ መኪና ላይ 120,000 የሚል ካዩ 193,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቆጣሪው ይስተካከላል፤ የፍሬን መርገጫው ጎማ፣ የመሪው ቆዳና የሾፌሩ ወንበር ግራ ጠርዝ ግን እውነቱን ይናገራሉ።

ዱኮው ሲያብረቀርቅ መርካት

ፀሐይ ላይ በጎን ይዩት፣ በጣትዎ ያንኳኩ፤ ላሜራ "ቲንግ" ይላል፣ ስቱኮ ያለበት ቦታ ይደነቁራል። የፓራፋንጎና የኮፈን ብሎኖች ቀለማቸው ከተላጠ ተፈትተው ያውቃሉ። መስታወቶቹ ሁሉ ላይ የተሠሩበት ዓመት ምልክት አለ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁ። የመቀመጫውን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ጎትተው ያሽቱት፦ የጭቃ መስመርና የሻጋታ ሽታ ካለ መኪናው ውኃ ውስጥ ቆይቷል። ከወንበሩ ሥር ያለው ሐዲድም የዛገ ከሆነ ኤሌክትሪኩ አንድ ቀን ይከዳዎታል። በብዙዎቹ ላይ ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) የኋላ በር ላይ ስለሚንጠለጠል በሩን በከፊል ከፍተው በእጀታው ወደ ላይ ያንሡት፤ ከተንቀሳቀሰ ማጠፊያው አልቋል።

የሻንሲ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ መፈለግ አይርሱ። በአሜሪካ ጨረታ የተሸጠ የተጋጨ መኪና ፎቶው ብዙ ጊዜ ከነቁጥሩ እዚያው ተለጥፎ ይገኛል። ለአሜሪካ ገበያ በተሠራው ላይ አሥረኛው ምልክት የሞዴል ዓመቱ ነው፦ ከ6 እስከ 9 ያለው ከ2006 እስከ 2009፣ ኤ 2010፣ ቢ 2011፣ ሲ 2012። በጄ የሚጀምር ጃፓን፣ በ2 የሚጀምር ካናዳ ተሠርቷል።

ከሥር ሳያዩ መግዛት

ክሪክ በቂ አይደለም፤ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ይውሰዱት፣ ጋራዡንም እርስዎ ይምረጡ። ከ2006 እስከ 2011 መጀመሪያ ያሉት ራቭ ፎሮች የኋላ እግር ማስተካከያ ዘንጋቸው ብሎን በደንብ ሳይጠብቅ ከቀረ ዝጎ ሊበጠስ ስለሚችል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ቶዮታ ለጥገና መልሶ ጠርቷቸው ነበር። የዘንጉ ጥርስ ዝጎ ካበጠ ወይም በእጅ ሲነቀነቅ ክፍተት ካለው ሳይቀየር መኪናውን ይዘው አይውጡ። በዝግታ እየሄዱ መሪውን ግራ ቀኝ ሲያዞሩ "ቋ፣ ቋ" የሚል ከሆነ የመሪው መካከለኛ ዘንግ ነው፤ በዚህ ሞዴል የተለመደና የሚቀየር ነው፣ ዋጋውን ግን ይቀንሱበት። ከ2001 እስከ 2003 ያለውን የቀድሞውን ቅርጽ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ማርሹ በግድ እየተማታ የሚቀይር መሆኑን ያዳምጡ። የዚያ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ እንዲሁ ሲነዳ ከቆየ ግን ካምቢዮውንም ይዞት ይሄዳል።

ሊብሬውን ሳያረጋግጡ ቀብድ መክፈል

ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ሐሳብዎን ከቀየሩ ቀብዱ ይቀራል፤ እጥፍ አድርጎ የሚመልሰው ሻጩ ራሱ ውሉን ካፈረሰ ነው። ስለዚህ ከቀብዱ በፊት መኪናው የተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ሄደው የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት፣ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን ይጠይቁ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩን በስልክም ቢሆን ያግኙት፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይቀራል። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ ያመሳክሩ። ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን የሞተር ቁጥር በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጠርገው በስልክ ፎቶ ያንሡት፤ ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ስም ማዛወሩ እዚያው ይቆማል።