ዘመድ ስታስታምሙ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ እንዳታዛምቱ

ሐዋሳ ሪፈራል ዘመድ ያስተኛ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አስታማሚ የዓሣ ሾርባ ይዞ ይገባል፣ ያበላል፣ ያገላብጣል፣ ሽንት ይደፋል፣ የጎን አልጋው በሽተኛ ጠያቂ ከሌለው ደግሞ እሱንም ቀና አድርጎ ውኃ ያጠጣል። ይሄ ደግነት ይቀጥል። ግን ብዙ አንቲባዮቲክ የማይበግራቸው እንደ ክሌብሲየላና አሲኔቶባክተር ያሉ ባክቴሪያዎች ከአልጋ አልጋ የሚሻገሩበት ዋናው መንገድ እጅ ነው፣ የእኛም ጭምር።

ስለዚህ መጀመሪያ እጅ። በሽተኛውን ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም፣ አልጋውንና ኮመዲኖውን ብቻ ነክታችሁም ቢሆን አጽዱት፤ አሲኔቶባክተር ደረቅ ዕቃ ላይ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። እጃችሁ ካልቆሸሸ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ይበቃል፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እስኪደርቅ እሹት። ሽንት፣ ደም ወይም ሰገራ ከነካችሁ ወይም በሽተኛው ተቅማጥ ካለበት ግን በውኃና በሳሙና፣ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። አውራ ጣትና የጣት ጫፍ ይረሳል፣ እነሱን ደህና አድርጋችሁ እሹ። ቀለበት አውልቁ። ቧንቧው ሊደርቅ ስለሚችል ሳሙናና በሃይላንድ ውኃ ከቤት ያዙ።

ጓንት ካደረጋችሁም ለአንድ በሽተኛ ብቻ ነው። አውልቃችሁም ታጠቡ።

በሽተኛው ላይ የገቡት ቱቦዎች ላይ በጣም ተጠንቀቁ፣ ለባክቴሪያ የተከፈተ በር ናቸውና። የሽንት ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ወለል ግን አይንካ። በሽተኛውን ስታገላብጡ ከረጢቱን አንስታችሁ አልጋ ላይ ካስቀመጣችሁት ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስትደፉም የመውጫው ጫፍ መድፊያውን እንዳይነካ። ካኑላው፣ ማለትም መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ፣ የገባበት ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካመመው ወዲያው ተናገሩ። «ሲስተር፣ ይሄ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፣ ሥራውን የጨረሰ ቱቦ ቶሎ ሲወጣ ነው ጥሩ። ራሳችሁ ግን አትንቀሉ።

ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ የላብራቶሪ ምርመራ፣ ከታዘዘ ናሙናው በተቻለ መጠን አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይሰጥ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚለየው በዚያ ነውና። ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አምጥታችሁ አትጨምሩ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንኳ በ1945 እ.ኤ.አ. ኖቤል ሲቀበል መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ ባክቴሪያውን እንደሚያላምደው አስጠንቅቆ ነበር።

ቤት ስትገቡ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልብስ ቀይሩ። ጋቢውና አንሶላው ለብቻው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣ።