የአጃ ብስኩት ሲበላሽ፦ ከልጆች ጋር ለምሳ ዕቃ ለምትጋግሩ

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ትልቋ ዱቄት ትለካለች። ትንሹ ዘቢብ ይቆጥራል፤ ቆጠራው ግን አፉ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ትሪው ላይ ያገኘነው አስራ ስድስት ብስኩት ሳይሆን አንድ ትልቅ ቂጣ ነው። በቢላ ቆራርጬ ሰኞ ምሳ ዕቃቸው ውስጥ ከተትኩት። ልጆቹ ምንም አልመሰላቸውም። የተናደድኩት እኔ ነኝ።

አሠራሩን ያገኘሁት ስልክ ላይ ነው። የጻፈው ሰው ደሴን አያውቃትም። ኦቨኑ ዲግሪ አለው፣ አጃው በካርቶን የታሸገ ነው፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድም አያገኘው። ከዚያ ወዲህ እያበላሸሁ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መነሻዬ ይህ ነው፦ ሁለት የውሃ ብርጭቆ አጃ፣ አንድ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ የገበታ ቅቤ፣ አንድ እንቁላል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ ትንሽ ቀረፋ፣ አንድ እፍኝ ዘቢብ (ከቆጣሪው አፍ ከተረፈ)። ብርጭቆ አትቀያይሩ። ልጆች አጃውን በውሃ ብርጭቆ፣ ዱቄቱን በሻይ ብርጭቆ ከለኩት ሌላው ምክር ሁሉ አይሠራም።

«ተንጣሎ አንድ ሆነብኝ»

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ እንኳ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝም በቀላሉ ይነፋል፣ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፣ የሚቀረው ስኳር እንደ ሽሮፕ ይወፍራል። ብስኩቱ ቅርጽ ሳይዝ ይፈስሳል። ለቆላ ከተማ የተጻፈ አሠራር አንድ ብርጭቆ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ካለ፣ ሁለቱንም ቀንሱ። እኔ በግማሽ ነው የቀነስኩት፤ ጣፋጭ የሚወድ ሰው ስኳሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የልጅ እጅ ነው። ትንሹ ልጄ ሊጡን እንደ ጭቃ ያሸዋል፤ መዳፉ ትኩስ ነው፣ ቅቤው ቀልጦ ሊጡ ያብለጨልጫል። ሲያብለጨልጭ ካያችሁ አቁሙ። ሸፍናችሁ ለግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ደሴ ላይ ፍሪጅ አያስፈልግም፣ መስኮቱ ሥር ይበቃል። አጃውም በዚያ ጊዜ እርጥበቱን ይጠጣል። ከዚያ መጀመሪያ አንድ ብቻ ጋግሩ። ከፈሰሰ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ጨምሩና ቀጥሉ።

እህቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ያንኑ ሊጥ ወስዳ ስትጋግር እሷም ፈሰሰባት። የእሷ ጥፋተኛ ከፍታው ሳይሆን መጋገሪያ ሳይገባ የቀለጠው ቅቤ ነው። እዚያ ፍሪጅ ግድ ነው።

«ከታች አረረ፣ ከላይ ጥሬ ነው»

ኦቨን ያላችሁ፣ ሁለት ትሪ ደርቡና መካከለኛው መደርደሪያ ላይ በ180 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ጋግሩ። በዚህ አበቃ።

የብዙዎቻችን ኦቨን ግን የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነው። ምጣድ እሳቱን የሚሰጠው ከሥር ብቻ ነው። አያቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ከላይም ከታችም እሳት የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ከሥር ኮባ የሚያነጥፉትም በነገሩ አስበውበት ነው፤ ቅጠሉ ሊጡን ከጋለው ምጣድ ይለየዋል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ምጣዱን አግላለሁ። ቁንጥር ዱቄት ጣል አድርጌ አያለሁ፤ ወዲያው ከጠቆረ በዝቷል፣ ቀስ እያለ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። ከዚያ ሙቀቱን ዝቅ አድርጌ ሦስት የብረት ማንኪያዎች ምጣዱ ላይ አጋድማለሁ፤ ትሪው የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው። በመሃል ያለችው ጣት የማታህል ክፍተት ማረሩን ታስቀራለች። በአክንባሎ እከድንና ከ15 ደቂቃ በኋላ እያንዳንዱን በቢላ ገልብጬ ሌላ ሦስት አራት ደቂቃ አቆየዋለሁ። ይህን ልጆች አይነኩትም፤ የእነሱ ሥራ ድብልብል ላይ ያበቃል።

መሃል ላይ መብራት ከሄደ? አብሽሩ። አክንባሎውን አታንሱ። የሸክላ ምጣድ ሙቀት ይይዛል፣ ጊዜውን ብቻ አርዝሙት። እኔ ጋ ሁለቴ ሆኖ ሁለቴም በስሏል።

«ጥርስ ውስጥ ጠጠር ይሆናል»

የቂንጬ አጃ ተጠቅማችኋል። ከገበያ የሚገዛው የተከካ አጃ ለቂንጬ አንደኛ ነው፤ በደረቁ ብስኩት ውስጥ ከገባ ግን ሳይበስል ይቀራል። የፋብሪካው ጠፍጣፋ አጃ በእንፋሎት አልፎ ስለተዳመጠ ነው ቶሎ የሚለሰልሰው። መፍትሄው ግማሹን በብሌንደር ፈጨት ማድረግ፣ ግማሹን ደግሞ በትኩስ ወተት ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ነው። ያልጠጣውን ወተት አጥልሉት። ከዚያ በፊት አጃውን በደንብ ልቀሙት፤ ገለባው ልጅ ጉሮሮ ላይ ይይዛል።

«ሳነሳው ተፈረካከሰ»

ያዥ አንሶታል። የጾም ብስኩት እንቁላል ስለሌለው ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እሱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ አስር ደቂቃ ተዉት። እንደ እንቁላል ነጭ ይሟለጫል፤ የአንዱን እንቁላል ቦታ ይተካል። በቅቤው ፋንታ አንድ ሦስተኛ ብርጭቆ ዘይት፣ በወተቱ ፋንታ ውሃ። ተልባ በየቤቱ እያለ ለምን ሙዝ ብቻ እንደሚመከር አይገባኝም።

ሌላው ንጥር ቅቤ ነው። ሲነጠር ውሃው ስለሚወጣ ሊጡ ይደርቃል፤ አንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ጨምሩለት። ሽታውን ግን ምንም አያድነውም። አንድ ጊዜ የገበታ ቅቤ ብታልቅብኝ በንጥር ቅቤ ሠራሁ። ኮሰረቱና ኮረሪማው ከቀረፋው ጋር ተጣሉ። ትልቋ አንዴ ገምጣ «እማ፣ ይሄ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል» አለችኝ። ልክ ናት።

«ምላስ ላይ ሳሙና ሳሙና ይላል»

ቤኪንግ ፓውደርና ቤኪንግ ሶዳ ተምታተዋል። ሶዳው በጣም ይበረታል፣ የሚያረክሰው ኮምጣጣ ነገርም ይፈልጋል። ሶዳ ብቻ ካላችሁ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሳትሞሉ ለኩ፣ ወተቱንም በእርጎ ቀይሩት። ማንኪያውን ልጅ ከያዘው ደግሞ ክምሩን በቢላ ጀርባ ላጩት።

«ድንጋይ ሆነ»

ቆይቶባችኋል። ብስኩት ሲወጣ መሃሉ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ሲበርድ ነው የሚጠነክረው። የጠነከረውን አትጣሉት። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከአንድ ቁራሽ ዳቦ ጋር አሳድሩት። ጠዋት ዳቦው ደርቆ ብስኩቱ ለስልሶ ታገኙታላችሁ።

«ምሳ ዕቃ ውስጥ ረጠበ»

ትኩሱን ከድናችሁታል፣ ወይም ከፍርፍር ጋር አንድ ላይ አድርጋችሁታል። ሙሉ በሙሉ ይብረድ፤ ለብቻው ይታሰር።

«ግማሹ አረረ፣ ግማሹ አልበሰለም»

ትልቋ ሎሚ የሚያክል ትሠራለች፣ ትንሹ ሽምብራ የሚያክል። አልገሥጻቸውም። የሾርባ ማንኪያ ሰጥቼ «አንድ ማንኪያ፣ አንድ ብስኩት» እላለሁ፣ ከዚያ በመዳፋቸው ይጫኑታል። የሽምብራዎቹን ለብቻ በመጨረሻ እጋግርለታለሁ፤ የሱ ናቸው። ጥሬውን ሊጥ እንዳይልስ ግን እጠብቀዋለሁ፣ እንቁላልና ጥሬ ዱቄት አለው።

«ምሳ ዕቃው ባዶ ተመለሰ፣ ልጁ ግን ርቦታል»

ይህኛው እስክረዳው ሳምንት ፈጀብኝ። አራት ብስኩት እልካለሁ፣ ዕቃው ተጠርጎ ይመጣል፣ ልጁ ደግሞ በር ላይ «እንጀራ አለ?» ይላል። ስጠይቀው ለሦስት ጓደኞቹ አንድ አንድ ሰጥቶ ነው። የተረፈችውም አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ ኦቾሎኒ አልጨምርበትም፤ የማን ልጅ ኦቾሎኒ እንደማይስማማው አላውቅም። አብሮት የሚቀመጠው ልጅ ጾመኛ ስለሆነ የረቡዕና የዓርቡ በዘይትና በተልባ ነው። ቁጥሩንም ወደ ስምንት አሳድጌዋለሁ።