የከፍተኛ ኃይል መስመር በሰፈራችሁ ሊያልፍ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ጅማ ዙሪያ ባለ ቡና ማሳ ዳር ጫፏ ቀይ የተቀባች ችካል ከታየች ወሬው እስከ ማታ ቀበሌውን ያዳርሳል። «ታወር ሊተክሉብን ነው!» ቡና ይፈላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ሁሉም ይቆጣል። መቆጣት መብት ነው። ጉዳዩ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ደህና ምክንያት ያለው ሰፈር በአያያዝ ጉድለት ይሸነፋል።

አንዱ ስህተት አድራሻ መሳት ነው። ለአብዛኞቻችን ሁሉም ነገር «መብራት ኃይል» ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ግን መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። በብረት ታወር የሚሄደውን 132፣ 230 ወይም 400 ኪሎ ቮልት መስመር የሚዘረጋው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሰፈር ውስጥ በፖል የሚሄደውን 15 ኪሎ ቮልትና ቤታችን የሚገባውን መብራት የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ቆጣሪ የምንጠይቅበት መስኮት ላይ ስለ ታወር ብንጮህ «የኛ ሥራ አይደለም» ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው። መሬት ማስለቀቁና ካሳው ደግሞ በከተማው ወይም በወረዳው አስተዳደር በኩል ያልፋል። መጀመሪያ ይህን አጣሩ፦ መስመሩ ስንት ኪሎ ቮልት ነው? ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል? ኮንትራክተሩ ማነው?

ሌላው «በኛ በኩል አይለፍ» ብሎ ማቆም ነው። መሐንዲሱ «እሺ፣ በየት ይለፍ?» ሲል ዝም ከተባለ ነገሩ አለቀ። መስመር በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ በተጠማዘዘ ቁጥር መታጠፊያው ላይ የበለጠ ጠንካራና ውድ ታወር ይፈልጋል። ስለዚህ ሙሉውን መስመር ወደ ጎረቤት ቀበሌ ግፉ ማለት ከባድ ጥያቄ ነው (ጎረቤትም ዝም አይልም)። አንድ ታወር በዚያው መስመር ላይ ጥቂት ሜትር ወደፊት ወይም ወደኋላ ይሂድ ማለት ግን ሊደመጥ ይችላል። «ይሄኛው ታወር መቃብራችን ላይ ያርፋል» ብላችሁ በእጅ አሳዩ። መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ምንጭ ካለ ሁሉንም በንድፍ ሥሩት።

«መሬት ውስጥ ይቅበሩት» የሚለውም አለ። ኮሪደር ልማት ሲሠራ የመንገድ ዳር ገመድ መሬት ውስጥ ሲገባ ያየ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ግን የሰፈር ገመድና 230 ኪሎ ቮልት አንድ አይደሉም። ከፍተኛ ኃይል መቅበር ዋጋው በታወር ከመዘርጋት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቢቀበርም ከላዩ ቤት መሥራት ወይም ሥረ ረጅም ዛፍ መትከል አይቻልም። ሰፈሩን የሚያቋርጠው 15 ኪሎ ቮልት ከሆነ ግን ጥያቄው ሊያስኬድ ይችላል፤ ግፉበት።

ስብሰባ ላይ «ካንሰር ሊያስይዙን ነው» ብሎ መነሳት አዳራሹን ያሞቃል፤ ፋይሉን ግን ያዳክማል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 ከኤሌክትሪክ መስመር የሚወጣውን ዓይነት መግነጢሳዊ መስክ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚለው ምድብ አስገብቶታል። እዚያው ምድብ ውስጥ ከሙሉ የእሬት ቅጠል የሚወጣ ጭማቂም አለ። ማስረጃው ውስን ነው። መስኩ ደግሞ ከገመዱ በራቁ ቁጥር ቶሎ ይቀንሳል። ስለዚህ «ይገድለናል» ከማለት «ገመዱ ከቤታችን ስንት ሜትር ይርቃል? ነፃ የሚለቀቀው ስፋትስ ስንት ነው?» ማለት ይሻላል። ይህ በሜትር ተለክቶ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቡናው። ጅማ ላይ ትልቁ ስህተት የሚሠራው ካሳ ሲቆጠር ነው። ኮሚቴው መጥቶ የቡና እግር ይቆጥራል፤ ባለቤቱም አብሮ የቡና እግር ይቆጥራል። ጥላው ይረሳል። ቡና ራሱ አጭር ነው፤ ከገመዱ ጋር የሚጣላው ከላዩ ያለው ሰሳና ዋንዛ ነው። መስመሩ የሚያልፍበት ሲመነጠር ዛፉ ይወድቃል፣ ሲወድቅም ከሥሩ ያለውን ቡና ይዞ ይሰብራል። ከምንጣሮው ዳር የተረፈው ቡናም ጥላ አጥቶ ፀሐይ ላይ ይቀራል። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ምርቱ ይዋዥቃል። ይሄኛው ጉዳት ቆጠራው ላይ የለም፤ ከመስመሩ ውጭ ነዋ! እንደገና ልትከል ቢባል ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ነው፤ የጥላ ዛፉማ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ቆጣሪዎቹ ሳይመጡ ራሳችሁ ቁጠሩ። የጥላ ዛፉን በዓይነቱ ለይታችሁ ጻፉ። ዳር ያለውን ቡና ለብቻው መዝግቡ፤ ፎቶ አንሱ። በቆጠራው ቀን የባለቤቱ መገኘት ብቻ አይበቃም፣ ሁለት ጎረቤት ይቁም።

ማታ ችካል መንቀልስ? ቀያሹ ነጥቡን በመሣሪያ መዝግቦታል፤ ጠዋት መጥቶ ይተክለዋል። እናንተ ግን ከቅሬታ አቅራቢነት ወደ ተከሳሽነት ትዞራላችሁ። ካሳ ለማብዛት በሩጫ ባሕር ዛፍ መትከልና ጨረቃ ቤት መሥራትም ያው ነው። ከማስታወቂያው በኋላ ለተጨመረ ነገር ካሳ አይከፈልም፤ ጭራሽ የቀድሞውን ንብረትም ያስጠረጥራል።

«መስመሩ በራሳችን ላይ እያለፈ እኛ በኩራዝ!» ይህ ቅሬታ ያማል። የግልገል ጊቤ አንድ የኃይል ማመንጫ በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋ ዋት ይዞ ሥራ የጀመረው እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ከ230 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ በቀጥታ የቤት መብራት መሳብ አይቻልም። ሰብስቴሽን (ኃይሉ የሚቀነስበት ጣቢያ) ገብቶ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት መውረድ አለበት። የመብራት ጥያቄውን በሌላ ደብዳቤ ለአገልግሎቱ አስገቡ። ከታወሩ ጋር ከተቀላቀለ ሁለቱም ይንጠለጠላሉ።

ፊርማ ላይ ተጠንቀቁ። «የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር» ተብሎ የዞረ ወረቀት ራስጌው ላይ «በተስማማነው መሠረት» የሚል ሊኖረው ይችላል። ሳታነቡ አትፈርሙ። መሐንዲሱ በቃል «እናስተካክላለን» ካለ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ፣ ማኅተም ይረፍበት።

ማመልከቻን በአማርኛ ብቻ መጻፍ ደግሞ ሰው ልብ የማይለው ነው። ጅማ ላይ የወረዳውም የከተማውም ቢሮ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። በአፋን ኦሮሞ ጻፉት፤ የገቢ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ያዙ። ቀኑ ዋጋ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የማስለቀቂያ ትዕዛዝ የደረሰው ሰው ቅሬታውን ለቅሬታ ሰሚው የሚያቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ነው። አዋጁ በኋላ ማሻሻያ ስለወጣለት ዛሬ የሚሠራበትን ከሕግ ባለሙያ ጋር ተያዩት። «ሽማግሌ እየተነጋገረ ነው» ብሎ መጠበቅ ቀኑን አያቆመውም። ሽምግልናውም ይቀጥል፣ ማመልከቻውም ይግባ።

ታወሩ ቆመ ማለትም ሁሉም ነገር አበቃ ማለት አይደለም። ገመድ ሲጎተት የተሰበረ አጥር፣ በከባድ መኪና የተቦረቦረ መንገድ፣ የተደፈነ ቦይ ካለ ሠራተኛው እዚያው እያለ በጽሑፍ አመልክቱ። ኮንትራክተሩ ካምፑን ነቅሎ ከሄደ በኋላ የአጥር የሚከፍል ሰው ማግኘት ይከብዳል።