ሐይቅ ወርዶ ዋኝቶ መመለስ፦ ልብስ የት ይወልቃል?

ባለፈው መስቀል የአክስቴ ልጅ ከጀርመን መጣ። ደሴ ሦስት ቀን እንዳደረ ብርዱ አማረረውና "ሐይቅ እንውረድ፣ እንዋኝ" አለኝ፤ ከደሴ ወረድ ብሎ ያለውን የወሎውን ሐይቅ ማለቱ ነው። እሺ አልኩት። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ እናቴ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ራቁት የሚዋኝበት ዳር አለ እንዴ?" አለኝ። ቡናው ትን አለኝ።

ቀልዱን አልነበረም። እሱ በሚኖርበት አገር ለዚህ ተብሎ የተከለለ የባሕር ዳርቻ አለ። ምልክት ሁሉ ተተክሎበታል፤ "ኤፍ ካ ካ" ይሉታል። አያት ከነልጅ ልጃቸው፣ ባልና ሚስት፣ አብረው የሚኖሩ ሁለት ወንዶች፣ ሁሉም አንድ አሸዋ ላይ ተዘርግተው ይውላሉ፣ ቀና ብሎ የሚያይ የለም አለኝ። ሐይቅ ዳር እንዲህ ያለ ቦታ የለም። የወንጀል ሕጋችን በአደባባይ የሚፈጸም አሳፋሪ ድርጊትን ይቀጣል፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትንም እንዲሁ። ከውጭ እንግዳ የሚመጣባችሁ ሰዎች ይህን እቤት ሳላችሁ ንገሩት።

ጥያቄው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። እኛም እኮ ሐይቅ ስንወርድ ትልቁ ጣጣችን እሱ ነው። የት ይወልቃል? ማን ያያል? ምን ተለብሶ ይገባል? እኔ፣ እሱና እህቴ ሆነን ሄድን። አካሄዱን ልንገራችሁ።

ቀኑን መምረጥ

ከቻላችሁ እሁድን ተዉት። ሰው ይበዛል፣ ሙዚቃ ይበዛል፣ ልብስ መቀየሪያ ጥግ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ይሆናል። ማክሰኞና ረቡዕ ዳሩ የዓሣ አጥማጆችና የከብት ነው። ወሩን ካላችሁኝ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን አስበልጣለሁ። ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፣ ዝናቡም አባርቷል። ክረምት ላይ ጎርፉ ጭቃ ያስገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ካያችሁ ወይ ዓሣ አጥማጅ ነው ወይ ተወራርዷል።

ሁለት ቀኖችን ለይታችሁ ያዙ። ጥቅምት 17 እስጢፋኖስ፣ ኅዳር 26 ደግሞ አባ ኢየሱስ ሞዓ ይነግሣሉ። በእነዚህ ቀናት የሚመጣው ምዕመን ነው። ለክብረ በዓል ከሄዳችሁ እሰየው፣ ቁምጣውን ግን እቤት ተዉት።

መንገዱ

ደሴ መናኸሪያ ግቡና "ሐይቅ! ሐይቅ! ሐይቅ!" የሚለውን ረዳት ተከተሉ። በወልድያ መስመር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ የምትነሱ መጀመሪያ ሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ ደሴ መድረስ አለባችሁ፤ እሱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምርባችኋል።

ሐይቅ የከተማው ስም ነው፣ የውሃውም ስም ነው። ታክሲው የሚያወርዳችሁ ከተማው ላይ ስለሆነ ከዚያ በባጃጅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይቀራል። ከባጃጁ ልጅ ጋር የመመለሻውንም ሰዓትና ዋጋ ቁረጡ፣ ስልኩንም ተቀበሉ። እኛ ይህን ረስተን ማታ እርጥብ ፌስታል ተሸክመን በእግራችን ወጣን። እህቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐይቁ ወደ 2000 ይጠጋል። ጆሮ ትንሽ ይደፈናል፣ ጃኬት እዚያው ታክሲ ውስጥ ይወልቃል። የመጀመሪያው ልብስ እንግዲህ በዚህ አለቀ።

ልብስ

ልጆች ራቁታቸውን ይገባሉ። ከብት ያመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ሱሪውን ድንጋይ ላይ ጥሎ ሲዘል ማንም ምንም አይለውም። ጎረምሳ ሲሆን ቁምጣ ይመጣል። ትልቅ ሰው ራቁቱን የሚታጠበው ሰው በሌለበት ጥግ፣ ያውም ወንድ ብቻ በሚወርድበት በኩል ነው። ሴቶች ከነቀሚሳቸው ነው የሚገቡት።

ስለዚህ ከማውለቃችሁ በፊት ጠይቁ። እኛ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አግኝተን "አባባ፣ እዚህ ጋ መዋኘት ይቻላል?" አልናቸው። "አብሽር ልጄ፣ ይቻላል" አሉ። ከዚያ በከዘራቸው አሳዩን። "እዚህ ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ። እናንተ ከዚያ ዛፍ ወዲያ እለፉ።" ይህን የሚነግር ምልክት የለም። ሰው ነው ምልክቱ።

መቀየሪያ ክፍል የምታገኙት ዳሩ ላይ ካሉት መዝናኛዎች አንዱ ጋ ገብታችሁ ከተስተናገዳችሁ ነው። ካልሆነ ጋቢ ያዙ። ፎጣ አይበቃም፣ ጋቢ። አጠቃቀሙም ዘዴ አለው። ጋቢውን ከትከሻ ላይ ትደርቡና ሁለቱን ጫፍ አገጫችሁ ሥር አምጥታችሁ በጥርስ ትነክሳላችሁ። ሁለት እጃችሁ ነፃ ይሆናል። ከዚያ ሱሪውን አውልቃችሁ ቁምጣውን መሳብ ነው። በዚህ መሀል አለመሳቅ ነው ትልቁ ነገር። የአክስቴ ልጅ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሳቀ፣ ጥርሱ ተከፈተ፣ ጋቢው ወረደ። ከብት ጠባቂዎቹ ያጨበጨቡት ጭብጨባ! "ይኸው የፈለግከውን አገኘህ" አልኩት።

ለሴቶች የእህቴን ምክር ላስተላልፍ። ሰፊ ቀሚስ ውሃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ እግርም ይጠልፋል። ጠበቅ ያለ ታይትና ጥቁር ረጅም ቲሸርት ይሻላል። ነጭ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ። ፀጉር የምትሸፍኑ ደግሞ በመርፌ ቁልፍ ከሚያያዝ ሻሽ ይልቅ ጥብቅ ብሎ የሚጠለቅ ኮፍያ ያዙ።

ውሃው

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ሐይቅ የዋህ ይመስላል። ማዕበል የለው፣ ጩኸት የለው። ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ጣና ያን ሁሉ ሰፍቶ ጥልቀቱ 15 ሜትር ቢሞላ ነው። የሐይቅ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሳህን ሳይሆን ማሰሮ ነው በሉት። ከዳር ጥቂት ርምጃ እንደሄዳችሁ መሬቱ ሊከዳችሁ ይችላል። ወንዝ ውስጥ ዋና የተማረ ሰው እዚህ ይታለላል፣ ምክንያቱም እግሩ መሬት መንካት ለምዷል።

ሁለተኛው ነገር አይታይም። ቢልሃርዝያ ነው። በሐይቅ አካባቢ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ተገኝቷል። ትሉ መጀመሪያ በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ወጥቶ የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ደቂቃዎች ይበቁታል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ ሣር የበዛበትን ጥልቀት የሌለውን ዳር ነው። ትሉ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትበረታ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ነው።

ጣጣው ይታያችሁ። ዳሩ ለማይዋኝ ሰው ደህና ነው፣ ለቢልሃርዝያ ክፉ። መሀሉ ለቢልሃርዝያ ይሻላል፣ ለማይዋኝ ሰው ሞት ነው። ጠዋት ትሉ ያንሳል፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። እኔ የመረጥኩት በጀልባ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ላይፍ ጃኬት አጥልቆ፣ ከሣሩ ርቆ መግባትን ነው። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ። "እኔ አለሁ አይዟችሁ" የሚል ባለ ጀልባ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን አያንሳፍፍም። ጃኬቱን ስታጠልቁ ማሰሪያዎቹን ሁሉ ቆልፉና አንድ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሮ ላይ ከደረሰ ሰፍቷል።

ከሰዓት ነፋስ ሊነሳ ስለሚችል ጀልባውን ከምሳ በፊት ጨርሱት። ስትወጡ ወዲያው በፎጣ ጠንከር አድርጋችሁ እሹ። ሙሉ ዋስትና ባይሆንም ይረዳል። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ሳል ወይም ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ለሐኪሙ "ሐይቅ ዋኝቼ ነበር" በሉት። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ድካም ታስቀራለች። ምንም ባይሰማችሁም ከሁለት ወር በኋላ መመርመር አይከፋም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው።

ሳሙናና ኦሞ ይዛችሁ አትግቡ። ሐይቁ ገቢ ወንዝ እንጂ ወጪ ወንዝ የለውም። የጣላችሁት እዚያው ይቀራል፣ ያንኑ ውሃ ደግሞ ከዛፉ ወዲህ ያሉት ሴቶች ይቀዱታል።

ገዳሙ

ሐይቅ እስጢፋኖስ ድሮ ደሴት ነበር። አሁን ውሃው ሸሽቶ በእግር የሚገባበት ልሳነ ምድር ሆኗል። የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው። እህቴ ይህን ስለምታውቅ መጽሐፍ ይዛ መጥታ ነበር፣ በሩ አካባቢ ጥላ ፈልጋ ተቀመጠች። ሴቶች አብረዋችሁ ከሄዱ አስቀድማችሁ አስቡበት፤ በር ላይ ሁለት ሰዓት ማስጠበቅ ደግ አይደለም።

ቅደም ተከተሉም አለ። መጀመሪያ ገዳሙ፣ ከዚያ ዋናው። እርጥብ ቁምጣ ለብሶ፣ ፀጉሩ እየተንጠባጠበ ከመነኮሳት ፊት የሚቆም ሰው አይቻለሁ። ምንም አላሉትም፤ ያ ነው የባሰው። ረጅም ሱሪ፣ እጅጌ ያለው ልብስ፣ ነጠላ ካላችሁ ነጠላ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት "አባቴ፣ ይፈቀዳል?" በሉ።

ውስጡ የሚታየው ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው እዚህ የደረሱት በ1248 እ.ኤ.አ. ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የእሳቸው ደቀ መዝሙር ነበሩ። በ1270 እ.ኤ.አ. የነገሠው ይኩኖ አምላክም ስሙ ከዚህ ገዳም ጋር ተያይዞ ነው የሚነሳው። የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ቃል ነበረው። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ1280ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተጻፈ ሲሆን የራሳቸውም ሥዕል አለበት።

ስለ ውሃው አፈጣጠር የአካባቢው ሰው የሚያወራው ሌላ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች ይላሉ። እግዜር ተቆጣና አገሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፣ ልዕልቲቱም ከነዘመዶቿ ሰጠመች። የተበደለችው ሴት የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደረቅ ቀረች፣ ገዳሙም እዚያ ላይ ነው። ይህን ለእህቴ በር ላይ ስነግራት "እና አሁን ሴት አይገባም?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዓሣው

ከዋና በኋላ ያለው ረሃብ ሌላ ነው። ቆሮሶ ጥብስ እዘዙ፣ ሙሉውን። ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ ስለሚጠበስ ዘይቱ ውስጡ ይገባል፣ ክንፉም እንደ ቆሎ ይፈረካከሳል። ሎሚውን በደንብ ጨምቁበት፣ አዋዜውን ጠቀስ። ሥጋውን ከጀርባው ጀምራችሁ ወደ ሆዱ ሳቡት፣ እሾሁ ሙሉውን ይቀራል። የአክስቴ ልጅ ሹካ ጠየቀ። አስተናጋጇ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የእጅ ውሃ አመጣች።

ከ11 ሰዓት በፊት ከተማው ላይ ብትደርሱ ታክሲ አያስቸግርም። ከመሸ በኋላ ሰልፍ አለ።

በኅዳር መጨረሻ ከጀርመን ደወለልኝ። ተመርምሬ ነፃ ነኝ አለ። ስለ ጋቢዬ ስጠይቀው ግን ዝም አለ። ይዞት ሄዷል።